ጭነቱ እስኪራገፍ

ጓደኞቹ «ዝግታ» ይሉታል። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ከባድ መኪና ከነተሳቢው ሲነዳ ሰው አልገጨ፣ በግ አልረገጠ። ከአስፋልት የወጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን ለማንም አልተነፈሰም። ቁልቁለት ሊጀምር ሲል ማርሹን ይቀንስና «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል፣ ለማንም ሳይሆን ለመሪው። የሚቀድሙት ወጣት ሾፌሮች በመስኮት ብቅ እያሉ «ጋሼ ዝግታ፣ ዕንቁላሉ ገና አልተፈለፈለም?» ብለው ይስቁበታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል። ቸኩሎ ያተረፈ ሾፌር አላየማ።

ሳይቸኩል የከሰረ ሾፌር ግን ያውቃል። ጠዋት ጠዋት ጢሙን ሲላጭ በጎን መስታወቱ ውስጥ ያየዋል።

ያን ዕለት የጫነው መድኃኒት ነበር። ሦስት ቀን ነድቶ፣ ጋቢና ውስጥ ጉልበቱን አጥፎ አድሮ፣ ፊቱን በጀሪካን ውሃ አርሶ፣ ወገቡ አልታዘዝ እያለው አንድ ትልቅ ሆስፒታል ግቢ ገባ። እንደ ልማዱ ከመውረዱ በፊት የእጅ ፍሬኑን ሁለቴ ፈተሸ። ከወረደ በኋላ ከጎማዎቹ ሥር ታኮ አደረገ፣ በብረት ዘንግ ጎማውን ሁሉ እየዞረ መታ መታ አደረገ፣ ከዚያ የሸራውን ገመድ መፍታት ጀመረ።

ዘበኛው ከጥላው ሥር ሆኖ «ስማ ወንድሜ፣ የመጋዘኗ ኃላፊ ሳትመጣ አንድ ካርቶን እንዳታወርድ! ሴትዮዋ ቀልድ አታውቅም» አለው።

«እኔም አላውቅ» አለ ዝግታ።

ቀልድ አለማወቁ በጀው፤ የሚጠብቀው ነገር የቀልድ አልነበረም። ነጭ ጋዋን የለበሰች፣ ቁልፍ በጣቷ ያንጠለጠለች ሴት በረንዳውን ይዛ መጣች። መጀመሪያ ያወቀው አረማመዷን ነው፤ አንገቷን ወደ ግራ ሰበር አድርጋ፣ የሆነ ድምፅ የምታዳምጥ እየመሰለች ነው የምትሄደው። ገመዱ ከእጁ አመለጠ። ሦስት ዓመት በየከተማው፣ በየመድኃኒት ቤቱ መስኮት፣ በየመናኸሪያው ሲፈልጋት የኖረ ዓይን አሁን ሲያገኛት መግቢያ አጣና መሬት መሬት አየ።

እሷም አወቀችው። የቁልፉ ድምፅ ቆመ። ፊቷ አንዴ ደም፣ አንዴ አመድ መሰለ። ከዚያ ጋዋኗን አስተካክላ ቀረብ አለችና፣

«የርክክብ ሰነዱን ይዘዋል?» አለችው።

«ይዘዋል?» አለችው እንጂ «ይዘሃል?» አላለችውም። አንቱታ ለሽማግሌ ክብር ነው፤ ትናንት «አንተ» ላሉት ሰው ግን በር መዝጊያ ነው። ዝግታም በሩ ሲዘጋ ሰማው።

ሰነዱን ሲያቀብላት ቀለበቷን አየ። ጣቱ ጣቷን እንዳይነካ ወረቀቱን በጫፉ ይዞ ሰጣት፣ እሷም በጫፉ ተቀበለችው። ሳይሰናበታት የጠፋችው ሴት ፊቱ ቆማ ካርቶን ልትቆጥር ነው። በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ስንት ጠመዝማዛ ወርዷል፤ እንደዚህች ቅጽበት ያስፈራው ቁልቁለት ግን አልነበረም።

* * *

ነገሩን ከሥሩ ለማያውቅ አንባቢ እንንገረው።

የርዕሰ መምህር ልጅ ነበረች። ፋርማሲ ተምራ፣ በትንሿ ከተማቸው አንድ መድኃኒት ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ከመድኃኒት ቤቱ ፊት መኪና ሁሉ ሳይወድ በግዱ የሚያዘግምበት የአስፋልት ጉብታ አለ። ዝግታ ድሮም አዝጋሚ ነው፤ እዚያ ሲደርስማ ቆሟል ማለት ይቀላል። መጀመሪያ የወረደው የወገብ ቅባት ሊገዛ ነበር። ቀጥሎ የራስ ምታት ኪኒን። በሦስተኛው «ዛሬስ ደግሞ ምንህን ነው ያመመህ?» ስትለው የሚያመው ነገር አጣና ሁለት እጁን ዘርግቶ አሳያት። በጋቢናው መስኮት ሁሌ ፀሐይ የሚመታው ግራ ክንዱ ከቀኙ ጠቁሮ ነበር።

«ለዚህ እንኳ መድኃኒት የለንም፤ አንተ ሁለት ሰው ሆነሃል» ብላ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ሰው የእሷ ሆኑ።

አባቷ ግን ወይ ፍንክች! «ልጄን የምድረው ቤት ላለው ሰው ነው። የሾፌር ቤት ጎማ አለው፤ ጠዋት ከነበረበት ማታ አይገኝም» አሉ። ከዚያ ወዲያ የከባድ መኪና ድምፅ ሲሰሙ ተነስተው መስኮት ይዘጉ ጀመር። የእጅ ስልክ ገና በሰው ሁሉ ኪስ ያልገባበት ጊዜ ነበርና ነገራቸው ሁሉ በደብዳቤ ሆነ። ወደ ወደብ ሲወርድ ጉብታው ላይ ትጠብቀውና በጋቢናው መስኮት ታቀብለዋለች። ሲመለስ ደግሞ ቤታቸው መንገድ ዳር ነውና በዚያ ሲያልፍ ሁለት ጊዜ አጠር አድርጎ ክላክስ ያደርጋል። በሰላም ተመልሻለሁ ማለቱ ነው።

አንድ ቀን ደብዳቤዋን መሪው ላይ ዘርግቶ እያነበበ ሲነዳ ጎማው ከአስፋልት ወጣ። መኪናው የቆመው ከገደሉ አንድ ክንድ ሲቀረው ነው። ያን ዕለት ማለ፦ ጭነት ሳያራግፍ፣ እጁን ሳይታጠብ የሷን ደብዳቤ አይከፍትም። ኋላ ኋላ መሐላው ራሱ ጣፈጠው። ልጅ ከረሜላውን እንደሚያቆይ ደረት ኪሱ ውስጥ አድርጎት ሁለትና ሦስት ቀን ይነዳል፣ አቀበቱ ይቀለዋል፣ ሙቀቱ አይሰማውም።

ይህን ግን ለሷ አልነገራትም። «ደብዳቤዬን መቼ ነው የምታነበው?» ብላ ስትጠይቀው፣ «ሁለተኛ ማርሽ ሳላስገባ!» አላት። ዓይኗ በራ። እንዲያ ደስ ያላትን ሴት «ቆይ፣ ዋሽቼሻለሁ» የሚል ወንድ የታለ? ውሸቷ ትንሽ ናት፣ የት ትደርሳለች ብሎ ተዋት።

ደረሰች እንጂ። አንድ ቅዳሜ ደብዳቤውን ስታቀብለው አልሳቀችም፤ እጁን ጥብቅ አድርጋ ይዛ ለቀቀችው። ገረመው፣ ግን ከኋላው የተሰለፈ መኪና ክላክሱን ያንጣጣበታልና አልቆመም። ሰኞ ወደብ ደረሰ፤ ማክሰኞ ቀትር ላይ ጭነቱ ተራገፈ። እጁን ታጥቦ፣ በፎጣ አድርቆ፣ ደብዳቤውን ከኪሱ ሲያወጣ የስምሪት ኃላፊው እየሮጠ መጣ።

«ዝግታ፣ ድረስልኝ! አንዱ ሾፌር ታሞብኝ ሽንኩርት እንደተጫነ ቆሟል፤ ሊበሰብስ ነው። በወዲያኛው መንገድ አንተ ውሰድልኝ። ያንተን መኪና ፍንጭቱ ይመልሳታል።»

ፍንጭቱ የልብ ጓደኛው ነው። ዝግታ ደብዳቤውን አየ፣ የቆመውን ጭነት አየ። «መሐላ መሐላ ነው፤ ሦስት ቀን ምን አላት» አለና ወረቀቱን ወደ ኪሱ መለሰው።

ሽንኩርቱ ዓርብ ተራገፈ። እጁን ታጥቦ አነበበው።

«ለአባዬ ሁሉንም ነግሬዋለሁ። ጡረታ ወጥቷል፤ እሁድ ይህን ቤት ለቀን ወደ አክስቴ ከተማ እንሄዳለን። ሐሙስ ስትመለስ ከነሻንጣዬ በራችን ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ። ካቆምክ ያንተ ነኝ፣ የትም ብትወስደኝ። ካላቆምክ ግን ለምን ብዬ አልጠይቅህም፣ አልወቅስህም፣ አንተም እንዳትፈልገኝ።»

ሐሙስ ትናንት ነበር።

በኋላ ፍንጭቱን ሲያገኘው ያ ደግ ሰው ምስጋና እየጠበቀ ነበር። «ልጅቷ እንዳትሳቀቅ ብዬ እንዳንተው ሁለቴ ክላክስ አደረግኩላት። እጇን ስታውለበልብ እኔም አውለበለብኩላትና አለፍኩ» አለው። ለካ ፀሐዩ መስታወቱ ላይ አርፎ ከውጭ ማን እንደሚነዳ አይታይም ነበር። ዝግታ ደብዳቤውን በተቀበለ በአሥራ አንደኛው ቀን ቤቷ ሲደርስ ሳሎኑ ባዶ ነው፣ መጋረጃው ወርዷል። ጎረቤታቸው ብቅ ብላ «ልጅቷ የት እንደሄዱ ለሾፌር እንዳልነግር አደራ ብላኛለች» አለችው። ፍንጭቱን ሊቆጣ ፈለገ፣ የስምሪት ኃላፊውን ሊረግም ፈለገ። ጥፋቱ ግን የማንም አልነበረም፣ የራሱ ነበር፤ ይህን ማወቁ ነው ያንገበገበው።

* * *

ወዛደሮቹ ካርቶኑን በትከሻቸው እያመላለሱ ነው። እሷ በሩ ላይ ቆማ «ግሉኮስ፣ አርባ... ፋሻ፣ አሥራ ሁለት...» እያለች ምልክት ታደርጋለች። ድምፅዋ ያው ነው፤ ትንሽ ወፍሯል። ዝግታ ተሳቢው ጫፍ ላይ ሆኖ እያቀበለ ከራሱ ጋር ይሟገታል። ልንገራት? ቀለበቱን አላየህም እንዴ? የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ጎጆዋን ቀልሳ የተቀመጠችን ሴት መጥቶ ማወክ ምን ይሉታል? ባልነግራትስ? እድሜ ልኳን ጥሏት ያለፈ ሰው ሆኜ ልቅር?

ግማሹ ሲወርድ ወዛደሮቹ ውሃ ሊጠጡ ወደ ቧንቧው ሄዱ። ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ፣ በመካከላቸው የካርቶን ክምር።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሳ። «አልጠይቅም ብዬ ጽፌ ነበር። አልቻልኩም።»

«ጠይቂኝ።»

«አለማቆምዎ ይሁን። ሰው ይፈራል፣ ሐሳቡን ይለውጣል። ክላክሱ ግን ለምን? ሁለት ጊዜ! እጅዎን እያውለበለቡ! ለመቀለድ ነው? ምን አድርጌዎት ነው?» ዓይኗን ከወረቀቱ አነሳች። «ምን አድርጌህ ነው?» አለች እንደገና፣ አንቱታው ከአፏ ወድቆ።

ዝግታ መልስ ነበረው። «ፈራሁ» ቢላት ይበቃል። እሷም ቂሟን እንደያዘች በሰላም ወደ ባሏ ትሄዳለች። ቃሉ ከንፈሩ ላይ ደረሰ። ከዚያ ያቺ የማርሿ ውሸት ትዝ አለችው። ያኔ ለደስታዋ ብሎ ዋሻት፤ ዛሬ ደግሞ ለሰላሟ ብሎ? አልሆነለትም።

«እኔ አልነበርኩም» አለ።

«ምን?»

«መኪናዋ እንጂ እኔ አልነበርኩም። ፍንጭቱ ነበር። እኔን በሌላ መንገድ ልከውኝ ነበር። እሱ ምንም አያውቅም፣ እንዳትጨነቂ ብሎ ነው ክላክስ ያደረገልሽ።»

«ደብዳቤዬስ? ቅዳሜ በእጅህ ሰጥቼህ የለም?»

«ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር።»

«እስከ ሐሙስ?»

«እስከ ዓርብ።»

«ሳታነበው?» ድምፅዋ ቀጠነ። «ሁለተኛ ማርሽ ሳላስገባ አነበዋለሁ አላልከኝም?»

«ዋሽቼሽ ነው። አንዴ እየነዳሁ ሳነብ ከመንገድ ወጥቼ ለጥቂት ተረፍኩ። ከዚያ ወዲህ ጭነት ሳላራግፍ አልከፍትም ነበር። እንዳትሰጊ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ...» ቆመ። «አይ፣ እሱም ልክ አይደለም። ደስ ሲልሽ አየሁና ውሸቴን ለመመለስ ሳሳሁ።»

ካርቶኑ ላይ ተቀመጠች። ልትስቅ የፈለገች መስሎ ከንፈሯ ተጣመመ፣ ሳቁ ግን አልመጣም።

«ብትነግረኝ እኮ» አለች ቀስ ብላ፣ «ብትነግረኝ እኮ ፖስታው ላይ “አሁኑኑ አንብበው” ብዬ እጽፍበት ነበር። ሁለት ቃል እኮ ነው!»

ዝግታ ይህን አስቦት አያውቅም። ሦስት ዓመት ሙሉ ነገሩን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ሲያገላብጥ ይቺ ሁለት ቃል አልታየችውም ነበር።

«ሦስት ዓመት የጠላሁት ሰው የለም ማለት ነው» አለች። «ባሌን ያገባሁት አንተን ስለጠላሁ ነው፤ ታውቃለህ? ደግ ሰው ነው። ኋላ ወደድኩት። ልጃችን ዓመት ከመንፈቋ ነው። ግን ትዳሬን ያቆምኩት ጥላቻዬ ላይ ነበር። አሁን መጥተህ ጥላቻውን ወሰድክብኝ። እቤቴ ገብቼ ምን ይዤ ልቀመጥ?»

«ባልነግርሽ ይሻል ነበር?»

«አዎ!» አለች። ወዲያው ደግሞ ራሷን ነቀነቀች። «አይ። እኔ እንጃ። ተወኝ እስቲ።»

በጋዋኗ እጅጌ ፊቷን ጠረገች። እሱም ሊጠጋት አልደፈረም፣ ሊርቃትም አልሆነለት፤ ባለበት ቀረ። እንዲህ ቀርቧት እንዲህ የራቀችበት ጊዜ አልነበረም።

* * *

«አንተም ያላወቅከው አለ» አለችው በመጨረሻ። «ብቻዬን አልነበርኩም።»

«ማን ነበረ?»

«አባዬ። ሻንጣዬን የያዘልኝ እሱ ነው።»

ዝግታ የሰማውን ማመን አቃተው። መስኮት የሚዘጉት ሰውዬ?

«ደብዳቤውን ከሰጠሁህ ቀን ጀምሮ አላናገረኝም። ሐሙስ ጠዋት ግን ክራቫቱን አስሮ፣ ጫማውን ወልውሎ ከመኝታ ቤት ወጣ። “ልጄ እንደ ወደቀ ዕቃ ከመንገድ ዳር አትነሳም። ከሄድሽ እኔ ነኝ በእጄ የምሰጥሽ” አለኝ። ሻንጣዬን ተሸክሞ ቀድሞኝ ወጣ። መኪናዋ ስትመጣ እኔ እጄን ሳውለበልብ እሱ ባርኔጣውን አወለቀ። ሊቀበልህ።»

ዝግታ አፉን በመዳፉ ያዘ። ፍንጭቱ ይህን አልነገረውም፤ ምናልባት ሽማግሌው መንገደኛ መስለውት ይሆናል።

«መኪናዋ ስታልፍ ወደ ቤት ልግባ አልኩት። እንቢ አለኝ። “ቆይ እንጂ ልጄ፣ ረጅም መኪና እኮ ነው። እንዲህ ያለው ባለበት አይዞርም። መዞሪያ ፍለጋ ወደ ላይ ሄዶ ነው” አለኝ። ስለ መኪና ምን ያውቃል አባዬ! ብስክሌት እንኳ ነድቶ አያውቅም። ሻንጣዬ ላይ ቁጭ አለና ጠበቀህ። የሚያልፉት ሰዎች ሰላም ሲሉት “ሙሽራ እየጠበቅን ነው” ይላቸው ነበር። እስኪመሽ ድረስ አልተነሳም።» ቁልፏን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። «ከዚያ ወዲያ በአንተ ላይ አንድ ክፉ ቃል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። እኔ ስሰድብህ “ተይ፣ መዞሪያ አጥቶ ይሆናል” ይለኝ ነበር። ዓምና አልጋ ላይ ሆኖ እንኳ ይህንኑ ነበር የሚለኝ። አረፈ አባዬ።»

ዝግታ አለቀሰ። ወንድ ልጅ አያለቅስም የሚሉት ነገር ትዝ ሳይለው፣ ፊቱንም ሳይሸፍን አለቀሰ። ሴቲቱን ማጣቱን ሦስት ዓመት ለምዶት ነበር፤ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣ አውልቀው ሲጠብቁት እንደዋሉ ግን አያውቅም ነበር። የሚወድ ሰው ሲጠብቅ ያምናል፤ የማይወድ ሰው እንዲያ አምኖ ሲጠብቅ ምን ይባላል?

ወዛደሮቹ እየተጯጯሁ ተመለሱ። እሷ ብድግ ብላ ፊቷን ወደ ጨለማው መጋዘን መለሰች፣ ከዚያ ቁጥሯን ካቆመችበት ቀጠለች። አንድም ካርቶን አላለፋትም። የመጨረሻው ሲገባ ፈረመች፣ ማኅተም መታች፣ የሱን ቅጂ ቀድዳ ሰጠችው።

«መዞሪያ ግን ነበረ እንዴ?» ብላ ጠየቀችው፣ ወዛደሮቹ እንዳይሰሙ ዝቅ አድርጋ።

«ነበረ። ከቤታችሁ ከፍ ብሎ ሜዳው ጋ። አሥር ደቂቃ አይሞላም» አላት። «እኔ ብሆን ግን መቼ አልፌ!»

ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። «አውቃለሁ» አለች። «አሁን አውቃለሁ።»

«አባትሽ የት ነው ያረፉት?»

«ለምን?»

«ሄጄ ልንገራቸው።»

«ምን ብለህ?»

ዝግታ ሰነዱን አጠፈ፣ እንደገና ዘረጋው። «መዞሪያው ራቀብኝ ልበላቸው» አላት።

አክስቷ ያሉባትን ከተማ ስም ነገረችው፤ አንድ ቀን ተኩል ያስኬዳል፣ መቃብሩ ከገበያው ጀርባ ነው፣ ስማቸው በሰማያዊ ቀለም ተጽፏል። ከዚያ ጋዋኗን አስተካከለች።

«ለሚቀጥለው ሌላ ሾፌር ይላኩልን» አለችው። «እባክዎ።»

«እሺ» አለ ዝግታ።

መጋዘኑ ውስጥ ገብታ በሩን ከውስጥ ገፋችው። ታኮውን ከጎማዎቹ ሥር ለማንሳት ጎንበስ ሲል ከብረቱ በር ወዲያ ስታለቅስ ሰማት፤ ሰው እንዳይሰማባት አፏን አፍና የምታለቅሰውን ለቅሶ። ታኮውን ጥሎ ወደ በሩ ሄደ። ሊያንኳኳ እጁን አነሳ፣ ብዙ ቆየ፣ መልሶም አወረደው። የምታለቅሰው የሌላ ሰው ሚስት ናት፤ እንባዋን መጥረግ የሱ ሥራ አልነበረም።